ባንዳ ያጠባ ጡት

«ባንዳ ያጠባ ጡት መች ይድናል ብለሽ ነው» አለች ፋንታነሽ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች።

ይህን ያለችው አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ነው እንጂ ሥራነሽ እንድትሰማው ብላ አልነበረም። ሥራነሽ ግን ከማድ ቤቱ ጀርባ እንጨት ልታነሣ ጎንበስ ብላ ነበርና፣ ምርጊቱ በተሰነጠቀው ግድግዳ በኩል ቃሉ አንድም ሳይጎድል ከጆሮዋ ገባ። ዕለቱ የእናቷ የየብርጓል የአርባ ቀን ተዝካር ነው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ዳሱ ላይ የተነሰነሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ገና እርጥብ ነው፤ የጥቅምት ውርጭ ያልለቀቀው መሬት ላይ ጉዝጓዝ ተጎዝጉዟል። ፋንታነሽ ደግሞ ጠላት አይደለችም፤ ጎህ ሳይቀድ ወገቧን አስራ የመጣች የቅርብ ጎረቤት ናት። ነገሩን መራራ ያደረገውም ይኸው ነበር።

«ተይ እንጂ፣ ሙት አይወቀስም» አለች ሌላይቱ።

«እኔ መች ወቀስኳት፤ የብርጓልን የመሰለ ሰው ድፍን መንቆረር ቢታሰስ አይገኝም። የሆነውን ነው የምልሽ። እናቱ የሞተችበትን አንለይን ከራሷ ልጅ ከደምለው ጋር እኩል አጥብታ አሳደገች። ደምለው ወንድ ሆኖ ዱር ገባ። አንለይ ዞሮ ለጣሊያን ወታደር ገብቶ ሙንታዝ ተባለና የሰው ቤት አቃጠለ። ጡቱ ታዲያ ምን ያድርግ፤ ተቆጣና ገማ። ይልቅ አንቺ ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጊው፣ ቄሶቹ ጥርስ የላቸውም።»

ሥራነሽ እንጨቱን እንደታቀፈች ቆመች። ገብታ «ምን አልሽ?» ልትላት እግሯ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ወጡ ገና ነው፤ ወጡን የሚያማስለው የፋንታነሽ እጅ ነው፤ ጠላው የተጠመቀበትም ጋን የፋንታነሽ ነው። ከዚያም በላይ ዛሬ እመት ጥሩሰው ከአማኑኤል ከተማ ይደርሳሉ። የሥራነሽ ጭንቅ ሁሉ ከእኚህ ሴት ላይ ነው የታሰረው። እመት ጥሩሰው ለልጃቸው የሥራነሽን ልጅ ታየችን ፈልገው ሽማግሌ ልከው ነበር። ሽማግሌዎቹ ዘር ቆጥረው፣ ዝምድና የለም፣ ቁምጥና የለም፣ ቡዳ የለም ተባብለው ከተስማሙ በኋላ አንድ ነገር ላይ ቆሙ፤ «አያቲቱ በምን ሞተች?» የሚል። የተሰጣቸው መልስ አላረካቸውም መሰል፣ እመት ጥሩሰው «ተዝካሩን ቀምሼ፣ ልጅቱንም በዓይኔ አይቼ፣ ቃሌን እዚያው እሰጣለሁ» ብለው ላኩ። ታየች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ወልደው ጡት አስጥለዋል። እሷ አያቷን ስታስታምም የማጫዋ ጊዜ አለፈ፤ ይህኛው ከቀረ የሚመጣ የለም። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድም የላት፣ እኅት የላት። እኔ ነገ ድፍት ብል ይቺ ልጅ በማን ደጅ ትወድቃለች? ሥራነሽ ይህን እያሰበች ነው የምትተኛው፤ ይህን እያሰበች ነው የምትነሣው።

ስለዚህ ሳሏን አስቀድማ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ሽንኩርቱ ላይ አቀረቀሩ።

«እንጨቱ እርጥብ ነው» አለች ሥራነሽ።

«ግዴለም፣ ይነዳል» አለች ፋንታነሽ።

ነገሩ የጀመረው ጣሊያን መንቆረርን በያዘበት ክረምት ነበር። የብርጓል በቀኝ ጡቷ ሥር እንደ ሽምብራ ያለች ነገር ዳበሰች፤ ለማንም አልተናገረችም። ሽምብራዋ ባቄላ ሆነች፣ ባቄላዋ እንቁላል አከለች፣ በዓመቱ ቆዳው ተከፈተ። ጠበል ሄደች፤ ሥር ማሽ ዘንድ ሄደች፤ በመጨረሻ አንለይ ለምኖ አስለምኖ ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ አየና ራሱን ነቀነቀ። አስተርጓሚው «ካንክሮ ነው ይላል፤ ነቀርሳ ማለቱ ነው፤ ዘግይታችኋል ይላል» አላት። የብርጓል ነጠላዋን ሰብስባ፣ «ስሙን ካወጣለትማ ክርስትናውንም ያንሣው» ብላ አስተርጓሚውን አስቃው ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያንን ነገር «እንግዳዬ» ነበር የምትለው። እንግዳዬ ዛሬ እንቅልፍ የለውም፤ እንግዳዬ ማር አምሮታል። ማር የምትለው ቁስሉ ላይ የሚቀባውን ነው። ማሩም እንደ ሌላው ሁሉ ተወዷል፤ ገበያተኛው የጣሊያንን ወረቀት እያገላበጠ ይመልሳል፣ ጠገራ ብር ካላየ ቅሉን አይከፍትም፤ የብርጓል ፈትሏን ሸጣ የገዛችውን ማር ግማሹን ለእንግዳዋ ትቀባና ግማሹን ለታየች በእንጎቻ ታበላታለች። «ለሱ ብቻ ካደረግኩት ባለቤት የሆነ ይመስለዋል» ትላለች።

ቀኝ ክንዷ አበጠና እንዝርት ማሾር አቃተው። እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማታውቅ ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሥራነሽንና ደምለውን፣ በላያቸውም የጡት ልጇን አንለይን ያሳደገችው በፈትል ነው። ጥቂት ቀን ግድግዳ እያየች ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ጠዋት እንዝርቱን በግራ እጇ ያዘችው። ክሩ እየተበጠሰ፣ አንዴ እየወፈረ አንዴ እየቀጠነ፣ ታየች ከጎኗ ሆና ስትስቅባት እሷም አብራ እየሳቀች፣ በጋው ሳይወጣ ከቀኟ የማያንስ ክር ማውጣት ጀመረች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ፣ በግራዋ ስታሾር ያያት ነበር። ጠረኑ ሲብስ ቤተ ክርስቲያን መግባት ተወች። ማንም አትግቢ አላላትም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉ አየችና ራሷ ወጥታ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ከዚህ ሆኜም ቅዳሴው ይሰማኛል፤ ደግሞ እዚህ አየር አለ» አለች፣ አየር የጎደላት እሷ የሆነች ይመስል። ታየች አብራት ትቀመጣለች። ጨርቁን በአመድ ውኃ የምትቀቅለውም፣ ቁስሉን የምታጥበውም እሷ ነበረች። ሥራነሽ ሆዷ አይችልም። ቁስሉን ባየች ቁጥር ከጓሮ ትወጣና በነጠላዋ ሥር የራሷን ጡት ትዳብሳለች፤ አንድ ቀን ምንም የለም ትላለች፣ በማግስቱ ደግሞ ያለ ይመስላታል።

ልትሞት ሰሞን የብርጓል ሥራነሽን ጠርታ ሁለት ነገር ነገረቻት። አንደኛው ስለ ታየች ነበር፤ «ይቺን ልጅ ቶሎ ከዚህ ቤት አውጫት፣ የበሽተኛ ሽታ ልማድ እንዳይሆናት።» ሁለተኛው፣ «ተዝካሬ ላይ አንለይን በእጅሽ አጉርሽው። ደምለውን ሁሉም ያጎርሰዋል።»

አባ ወልደ ሩፋኤል ከፍትሐቱ ተመልሰው ዳሱ ደጃፍ ላይ ጭራቸውን እያወዛወዙ ቆሙ። የብርጓል የንስሐ አባት ናቸው፤ የሥራነሽም እንደዚሁ። ሌሎቹ ካህናት ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ እሳቸው አልገቡም። በዓይናቸው ጠሯትና ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዷት።

«ያ ልጅ ይመጣል?»

ማንን እንደሆነ አልጠየቀችም። «የጡት ልጇ ነው፤ እንዴት ይቀራል አባ?»

«እኔ አልጠላውም። ከነእትብቱ አውቀዋለሁ፣ ያጠመቅሁትም እኔ ነኝ። ግን ከዱር ሰው መጥቶ ነበር። ከሙንታዙ ጋር አንድ ገበታ የቀረበ ካህን በዚያ እጁ ሁለተኛ መስቀል አይዝም ብለዋል። እሱ ከገባ እኛ እንነሣለን። በምን እንደማመካኝ እንኳ አላውቅም፤ እሱ ቢሰማ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሆዴን አመመኝ እላለሁ መሰለኝ።»

«እናቴ እኮ አጉርሽው ብላኛለች፣ አባ።»

«ሙት አይፈራም ልጄ። እኛ ነን የምንፈራ።»

ካህናቱ ከገበታ ተነሥተው የወጡበት ተዝካር፣ ወሬው ከሰው ቀድሞ አማኑኤል ይገባል። ሥራነሽ ዳሱን አየች፣ ጋኖቹን አየች፤ ከማድ ቤት ወደ ዳስ፣ ከዳስ ወደ ጓዳ የምትመላለሰውን ልጇን አየች። «እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ» አለች። አባ ግንባሯን በመስቀላቸው ነክተው ገቡና ተቀመጡ።

አንለይ የሚኖረው ከጣሊያኑ ምሽግ ሥር በረድፍ ከተሠሩት ባለ ቆርቆሮ ቤቶች ባንዱ ነው። እዚያ መንገድ ላይ መታየት ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበር፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ አጥር አጥሩን ይዛ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የብረት አልጋ፣ አልጋው ላይ ግራጫ የወታደር ብርድ ልብስ፣ መስኮቱ ላይ ከቆርቆሮ ጣሳ የተሠራ ኩራዝ። የደንብ ልብሱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጫማውን አልጋው ሥር ገፍቶታል። እሱ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ሱሪና የታጠበ ጋቢ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለለቅሶ የተዘጋጀ ልጅ ይመስላል።

«እታለም፤ በእግርሽ ምን አመጣሽ? እኔው እመጣ አልነበር?»

«እንዲያው ነው።» በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ብርድ ልብሱ ይሞቃል?»

«ይሞቃል። ግን ያሳክካል።»

«ስንት ያወጣል እንዲህ ያለው?»

«እኛ በነጻ ነው የሚሰጠን። ገበያ ያየሁት ግን ሁለት ጠገራ ይሉታል።»

«ሁለት ጠገራ» አለች ሥራነሽ። «በሁለት ጠገራ ዱሮ ላም ከነጥጃዋ ይገዛ ነበር።»

«ዱሮማ።»

ውጭ አንድ ወታደር በማታውቀው ቋንቋ እየዘፈነ አለፈ። ሥራነሽ የነጠላዋን ጫፍ ክር ለክር ትፈታለች፤ እያየች አይደለም የምትፈታው። አንለይ ጣቶቿን አየና ፈገግ አለ።

«አትምጣ ልትዪኝ ነው የመጣሽ።»

ሥራነሽ የፈታችውን ክር ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ቄሶቹ ናቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሥራነሽ።

«ተይ እታለም። አንቺ እንዲህ ያለ ልብ የለሽም፤ እነሱ ናቸው።» ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገው። «እሺ፣ አልመጣም። በግድ ልግባ ብል የሚከለክለኝ የለም፤ ግን የሷን ተዝካር በጠመንጃ አልበላም። የሚሉትን ደግሞ እሰማለሁ። መንደር አቃጠለ ቢሉኝ አቃጥያለሁ። ከቁይ ወዲህ ያለችው መንደር ስትነድ ክብሪቱን የጫረው ይኸው እጄ ነው፤ እሱን እግዚአብሔርም ይጠይቀኝ፣ ሰውም ይጠይቀኝ። እሷን ያሳመምኳት ግን እኔ አይደለሁም። እኔ የጠባሁት ግራውን ነው። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ያን ጊዜ ሥራነሽ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። የብርጓል፣ በወሊድ የሞተችውን የጎረቤቷን የወለተ ሰንበትን ልጅ በጨርቅ ጠቅልላ ስታመጣ ደምለው ገና አራስ ነበር። ሁለት ልጅ አንድ ጡት ሲጋራ የአንዱ ዕድል ወደ ሌላው ይሻገራል ይባላልና፣ እንደ አገሩ ልማድ ለየብቻ ደለደለችላቸው፤ ቀኙን ለደምለው፣ ግራውን ለአንለይ። ተሳስታ እንኳ አለዋውጣ አታውቅም። ከፍ ካሉ በኋላም ልጆቹ ከጎኗ ሲተኙ «የኔ በዚህ በኩል ነው» እያሉ ይገፋፉ ነበር፤ መንደርተኛው ይስቅባቸው ነበር።

«የታመመው ቀኙ ነው» አለ አንለይ። «ደምለው ነው እያልኩሽ አይደለም። ደምለውም አይደለም፤ ማንም አይደለም። በሽታ ነው። ካምፕ ውስጥ ፋሻ ስሰርቅ ቢይዙኝ እጄን ይቆርጡት ነበር፤ ያንን ፋሻ እኔ ስጠቀልልላት ደምለው የት ነበር አላልኩም። አሁንም አልልም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሰው በተሰበሰበበት፣ አንድ ጊዜ፣ ግራው ደኅና ነበር በዪ። ሌላ ከዚያ ቤት የምፈልገው የለም።»

«እላለሁ» አለች ሥራነሽ። እንባዋ መጣ። «በእናቴ አጥንት እላለሁ።»

«በቃ ሂጂ፤ ወጡ ያርራል።»

ከመንገዱ ሆና ዘወር ስትል ጋቢውን አውልቆ አልጋው ላይ ያጥፈው ነበር። እንደ ሴት፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያስተካከለ።

ስትመለስ የእመት ጥሩሰው በቅሎ ከደጅ ታስራለች። እሳቸው ዳስ ከመግባታቸው በፊት ቤቱን ዞረው ጨርሰዋል፤ የጓዳውን በር ከፍተዋል፣ የዱቄቱን እንቅብ ገልጠዋል፣ የመደቡን ምርጊት በጣታቸው ፍቀዋል፣ የበርበሬውን ዋጋ ጠይቀው «እኛ ዘንድ ይረክሳል» ብለዋል። ወፍራም፣ ፊታቸው የጠራ፣ ሲስቁ እንኳ ዓይናቸው የማይስቅ ሴት ናቸው። ሥራነሽ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ይዘው አነሷትና ከሴቶቹ መሐል ከጎናቸው አስቀመጧት፣ ቤቱ የሳቸው የሆነ ይመስል።

ካህናቱ ባርከዋል። አባ ወልደ ሩፋኤል በሩን እያዩ ጥቂት ቆዩና፣ ሥራነሽ ብቻዋን መግባቷን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዱ፤ ሆዳቸውን ያመማቸው አይመስሉም ነበር። ዳሱ ሞላ። ነዳያን ከአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል፤ የቆሎ ተማሪዎች እርስ በርስ እየተጎሻሸሙ ቅልጥም ይሻማሉ። ወንዶቹ ዘንድ አንዱ ሽማግሌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የብርጓል የሞተችው በልጇ በደምለው ናፍቆት ነው፣ የጀግና እናት አንጀቷ አይችልም ሲል ተሰማ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደምለው በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልመጣም፤ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልኳል። ስለ ማሩ፣ ስለ እንዝርቱ፣ ከቅጥሩ ውጭ ስላለው ድንጋይ የሚያነሣ አልነበረም። ሥራነሽ አሁን እናገራለሁ አለች በልቧ። ጠላው አንዴ ይዙር፤ ከዚያ እናገራለሁ። ጠላው ዞረ። ወጥ ይጨመር፤ ከዚያ። ወጡም ተጨመረ።

ታየች ማሰሮ ይዛ በሴቶቹ መሐል አለፈች። እመት ጥሩሰው ተከትለው አዩዋት።

«ቁመቷ ደኅና ነው» አሉ። «እጇን አየሁት፣ የሠራ እጅ ነው። ሰነጣጥቆታል።»

«አያቷን ስታጥብ ነው እመት» አለች ሥራነሽ።

«እሱንም ሰምቻለሁ፤ መልካም ነው። እኔም አማቷ ብታመም ታጥበኛለች ማለት ነው።» ሴቶቹ ሳቁ። እመት ጥሩሰው የጎረሱትን ዋጡና ጣታቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሥራነሽ፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ይህ እናትሽን የገደላት ነገር በዘራችሁ አለ? አያትሽስ? አክስቶችሽስ? የልጅ ልጅ አያለሁ ብዬ ሬሳ ተሸካሚ መሆን አልፈልግም።»

ሴቶቹ ማኘክ ቀነሱ። ሥራነሽ «የለም እመት፤ እኔ የማውቀው የለም» አለች። አያቷ ወጣት ሳለች መሞቷን ታውቃለች፤ በምን እንደሞተች ግን የነገራት የለም፤ ጠይቃም አታውቅ።

ፋንታነሽ ከማዶ ደረሰችላት። «ኧረ እመት ጥሩሰው፣ በዘርም አይደል! ያጠባችው ልጅ ጦስ ነው። አገር ያወቀው ነው፤ ያ...» ወደ በሩ አየችና ድምጿን ቀነሰች፤ «ያ የምሽጉ ልጅ።» የጠዋቱን ወሬ ደገመችው፤ አሁን ግን እንደ መድኃኒት ነበር የምታቀርበው። ሥራነሽ ያን ጊዜ ገባት፤ ጠዋት ከማድ ቤቱ ጀርባ ያንገበገባት ቃል፣ ልጇን የሚያድን ቃል ነበር።

«ወሬውን እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ እመት ጥሩሰው። «ስታጠባ ጡት ለይታላቸው ነበርም ይላሉ። እንግዲህ ንገሪኝ፤ የታመመው የትኛው ነው? የገዛ ልጇ የጠባው ከሆነ ያው የገዛ ደሟ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልጠይቅሽም፣ በቅሎዬን እጭናለሁ። የዚያኛው ከሆነ ግን ከውጭ የመጣ እርግማን ነው፤ ከናንተ ዘር አይነካም።»

አባ ወልደ ሩፋኤል እንኳ ቀና አሉ። ታየች ማሰሮዋን እንደያዘች ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ሥራነሽ አፏን ከፈተች። ቃሉ አንደበቷ ላይ ነበር፤ ማለችበት፤ የእናቷን አጥንት ጠርታ ማለችበት። አንለይ ባዶ እግሩን አልጋው ላይ ተቀምጦ ታያት። ከዚያ ደግሞ ልጇ ታየቻት፤ ሽበት አብቅላ፣ ብቻዋን፣ በዚህ ጓዳ ውስጥ የማንም ያልሆነ ጨርቅ ስትቀቅል።

«ግራው ነው» አለች።

ወጣ። ሲወጣ ቀላል ነበር፤ እንደዚያ ይቀላል ብላ አላሰበችም። ፋንታነሽ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ደጃፍ ለደጃፍ ተቀምጣ ሁለት በጋ ሙሉ ያንን በግራ እጅ የሚሾር እንዝርት አይታለች፤ «አይ የብርጓል፣ ደግሞ በግራ!» እያለች ስቃበታለች። ሌሎቹም አይተዋል፤ ከመሐላቸው በዚያ ክር የተሠራ ነጠላ ገዝታ አሁን የለበሰችውም አለች። ሥራነሽ የቀኙን ሕመም የሚመሰክረው ያ እንዝርት አሁን ይነሣል ብላ ጠበቀች።

«አዎ፣ ግራው ነው» አለች ፋንታነሽ። «እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።»

«ግራው ነው» አለች ጠዋት ሽንኩርቱን አብራት የላጠችው።

አባ ወልደ ሩፋኤል ዋንጫቸውን አነሡ። «ነፍስ ይማር። ለበደላትም ልብ ይስጠው» አሉ።

እመት ጥሩሰው ትከሻቸው ወረደ፤ እሳቸውም ጨንቋቸው ነበር ማለት ነው። ከፊታቸው ከነበረው ወጥ ሥጋውን መርጠው፣ አሳምረው ጠቀለሉና ወደ ሥራነሽ አፍ አስጠጉ። «በይ እንግዲህ፣ ቤተሰብ ነን። ለጥር ይሁን።» ሥራነሽ ጎረሰች። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ለማኘክ ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው ተዝካር መሆኑን አስበው ተዉት።

ፀሐይዋ ወደ ዳሱ ምዕራብ ምሰሶ ስትወርድ ሥራነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ታየች ሣህኖቹን በአመድ ታጥባለች። ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተቀመጠች። ሥራነሽ ደፉ ላይ ተቀመጠችና አንድ ሣህን አንሥታ ማድረቅ ጀመረች። ቀድሞ የደረቀ ሣህን ነበር።

«ለጥር ነው አሉ» አለች።

«ሰማሁ።»

«ልጁ ጨዋ ነው ይላሉ። የራሱ ጥማድ በሬ አለው። መሬታቸውም መንገዱ ዳር ነው፣ ለገበያ ይቀርባል።»

«እሺ።»

«ላንቺ ብዬ ነው፣ ታየች።»

«አውቃለሁ።»

ሣህኖቹ አለቁ። ታየች ውኃውን ደፋች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ግን አልተነሣችም። ሥራነሽ ልጅቱ ታለቅሳለች ብላ ነበር የምትፈራ፤ አላለቀሰችም። ድምጿ የገበያ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«እማ» አለች ዘወር ሳትል፣ «አንቺን ያመመሽ ለታ ማን ጠባው ልበል?»

ሥራነሽ ከታየች በቀር ያጠባችው ልጅ የላትም።

ከዳሱ ፋንታነሽ «ኧረ እዚህ ጠላ አልቋል» ብላ ተጣራች። ሁለቱም አልተነሡም።